በባሕር ዛፍ ሀገር የሚኖር የወንዝ ዳር እንሽላሊት

የዛሬው ትምህርታችን ስለ አንድ እንሽላሊት ነው። ሀገሩ አውስትራሊያ ነው፣ የሚኖረው ወንዝ ዳር ነው፤ ስሙም የምሥራቅ የውኃ ስኪንክ ይባላል። ስኪንኮች በእንሽላሊቶች መካከል እጅግ ሰፊ ከሆኑት ቤተሰቦች አንዱ ናቸው። በዓለም ላይ ከ1,700 በላይ ዝርያዎች አሏቸው፤ ከ400 በላይ የሚሆኑት በአውስትራሊያ ይገኛሉ። በዚህ ሁሉ መካከል አንዱን ከሌላው ለይቶ «ይህ እገሌ ነው» ማለት የሚቻለው እንዴት ነው? ዛሬ የምንማረው ይህንን ነው። እንስሳውን ለመለየት ገላውን ብቻ ሳይሆን የቆመበትን ስፍራ ማወቅ እንደሚያስፈልግም አሳያችኋለሁ።

«በሩቅ ሀገር የሚኖር እንሽላሊት ለእኛ ምናችን ነው?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እንግዲያው ከእንስሳው በፊት ከስፍራው ልጀምር፤ ስፍራው የምታስቡትን ያህል እንግዳ አይደለምና።

የአውስትራሊያን ካርታ በሐሳባችሁ ዘርጉት። በስተምሥራቅ ከሰሜን ወደ ደቡብ ረጅም የተራራ ሰንሰለት አለ። ከተራራው የሚነሡ ጅረቶች ከፊሎቹ በአጭር መንገድ ወደ ውቅያኖስ ይወርዳሉ፤ ሌሎቹ ወደ ምዕራብ ታጥፈው መሪና ዳርሊንግ ከሚባሉት ታላላቅ ወንዞች ጋር ይቀላቀላሉ። የምሥራቅ የውኃ ስኪንክ እነዚህን ውኃዎች ተከትሎ ይኖራል። ከሰሜን ኩዊንስላንድ ጀምሮ በባሕሩ ዳርቻ እስከ ኒው ሳውዝ ዌልስ ደቡብ ይወርዳል። ወደ ውስጥ ደግሞ በመሪና በዳርሊንግ ዳር ዳር እያለ ደረቁን ሜዳ አቋርጦ እስከ ደቡብ አውስትራሊያ ይደርሳል። በዚያ ደረቅ ሜዳ ላይ ከወንዙ ርቃችሁ ብትሄዱ አታገኙትም። የሚኖርበትን ሀገር ወሰን የሚያሰምርለት ውኃው ነው።

አሁን በወንዙ ዳር የቆሙትን ዛፎች እንመልከት። በመሪ ወንዝ ግራና ቀኝ የተሰለፈው ግዙፍ ዛፍ እኛ ቀይ ባሕር ዛፍ የምንለው ነው። በቆላና በወይና ደጋ ለአጣናና ለማገዶ የምንተክለው፣ በየገበያው የምናየው ያው ዛፍ በትውልድ ሀገሩ የወንዝ ዳር ዛፍ ነው፤ ጎርፍ ሲመጣ ውኃ ውስጥ ቆሞ ይሰነብታል። ከተራራው በሚወርዱት ጅረቶች ዳር ደግሞ ሥሩን በድንጋዮች መካከል ሰዶ ዳርቻውን ጠፍንጎ የያዘው በእኛ ሀገር ሸውሸዌ የሚባለው የካዙዋሪና ወገን ነው። ወደ ሰሜን ከፍ ስትሉ፣ በደቡብ ምሥራቅ ኩዊንስላንድና በኒው ሳውዝ ዌልስ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በወንዝ ዳር ባለው ዝናባማ ደን ውስጥ ወርቃማ አበባውን አብቦ የምታገኙት ግራቪሊያ ነው፤ ለቡና ጥላ የምንተክለው፣ በየመንገዱ ዳር የምናየው ግራቪሊያ። ከሥራቸው ደግሞ ያለ ጥሪ የገባ ሌላ የምታውቁት ተክል አለ፤ የወፍ ቆሎ። እርሱ እዚያም እንደ እዚህ መጤ አረም ነው፤ የምሥራቅ አውስትራሊያን ጫካ እየወረረ ብዙ ችግር አስከትሏል።

ባሕር ዛፍ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ሀገራችን ሲገባ ዘሩ ብቻ ነው የመጣው። በሀገሩ ከሥሩ የሚርመሰመሱት ነፍሳት፣ በወደቀው ግንድ ላይ ፀሐይ የሚሞቁት እንሽላሊቶች፣ በቅርንጫፉ ላይ የሚያደቡት ወፎች አብረው አልመጡም። ስለዚህ እኛ ዛፉን ለብቻው ነው የምናውቀው። የተወለደበትን ደን ግን አናውቀውም፤ ደን ደግሞ ከዛፍ እጅግ የሰፋ ነገር ነው። የዛሬውን እንሽላሊት የመረጥኩበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ወደ እንስሳው እንምጣ።

በአንድ የአውስትራሊያ ጅረት ዳር ቆማችኋል እንበል። ሰዓቱ ረፋድ ነው፤ ፀሐይ በቅጠሉ ቀዳዳ ገብታ ድንጋዩ ላይ አርፋለች። ድንጋዩ ላይ አንድ እንሽላሊት ተዘርግቶ ይሞቃል። የመጀመሪያው ጥያቄ «ስኪንክ ነው ወይስ ሌላ?» የሚል ነው። በእነዚያ ጅረቶች ዳር የውኃ ድራጎን የሚባል ትልቅ እንሽላሊትም ይኖራልና። የውኃ ድራጎን ሻካራ ገላ አለው፤ ከማጅራቱ ጀምሮ በጀርባው ላይ እሾህ የመሰለ ጋማ ተደርድሯል፤ ሲያድግ ከነጅራቱ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ስኪንክ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ገላው ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ነው። ቅርፊቶቹ የጣራ ቆርቆሮ እንደሚደራረብ አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብረዋል፤ ከየቅርፊቱ ሥር ደግሞ ስስ የአጥንት ዝርግ አለ። አንገቱ ከራሱ ብዙም አይቀጥንም፤ ስለዚህ ራሱና ገላው ወጥ ሆነው ይታያሉ። በራሱ አናት ላይ ያሉት ቅርፊቶች ከጀርባው ቅርፊቶች ይልቅ ሰፋፊ ናቸው፤ ግራና ቀኛቸውም ተመጣጥኖ የተሰደረ ነው።

ስኪንክ መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላ መጠኑን ተመልከቱ። በየጓሮው የሚሮጠው ትንሹ የአትክልት ስኪንክ ከነጅራቱ አሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የምሥራቅ የውኃ ስኪንክ ግን ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ከዚህ ውስጥ የሚበልጠውን የሚይዘው ጅራቱ ነው። ጀርባው ወርቃማ ቡናማ ወይም መዳብ የመሰለ ሲሆን ጥቋቁር ነጠብጣብ ይኖርበታል። ጎኑ ጥቁር ነው፤ በጥቁሩ ላይ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች ተበትነዋል። ሆዱ ከነጭ እስከ ቢጫማ ይሆናል።

ዋናው ምልክቱ ግን መስመሩ ነው። ከዓይኑ በላይ የሚነሣ ቀጭን፣ ደማቅ፣ ቢጫማ መስመር በጀርባውና በጎኑ ድንበር ላይ በግራም በቀኝም ይወርዳል። ከወንዝ ማዶ በመነጽር ስትመለከቱት እንኳ ጥቁሩን ጎን ከቡናማው ጀርባ የሚለየው ይህ መስመር ጎልቶ ይታያል። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን ምልክት ያዙ።

ለምን አጥብቄ እንደምናገር ልንገራችሁ። ይህ ስኪንክ የቅርብ ዘመዶች አሉት፤ ሁሉም የውኃ ስኪንኮች ናቸው፣ መልካቸውም ይቀራረባል። የደቡቡ የውኃ ስኪንክ በደቡብ ምሥራቅ ኒው ሳውዝ ዌልስና በቪክቶሪያ ቀዝቃዛ ደኖች ይኖራል፤ ያ ረጅም ቢጫ መስመር የለውም። ሆደ ቢጫው የውኃ ስኪንክ ከደቡቡ ጋር እጅግ ከመመሳሰሉ የተነሣ ለረጅም ጊዜ የአንድ ዝርያ ሁለት መልክ ተደርገው ሲቆጠሩ ኖረዋል፤ አንዱ የቀዝቃዛው አየር፣ ሌላው የሞቃቱ አየር ነዋሪ ይባሉ ነበር። ዛሬ ራሳቸውን የቻሉ ሁለት ዝርያዎች መሆናቸው ታውቋል። የከፍተኛ ተራራው የውኃ ስኪንክ በአውስትራሊያ ረጅሙ ተራራ በኮዚየስኮ ስም የተሰየመ ሲሆን፣ በጀርባው መሐል የሚወርድ ጥቁር መስመር አለው። አምስተኛው ከሲድኒ በስተምዕራብ በሚገኙት በብሉ ማውንቴንስ ተራሮች ላይ ይኖራል። ይህኛው ጠቆር ያለና አነስ ያለ ነው፤ በጥቁር ገላው ላይ አራት ቀጫጭን ወርቃማ መስመሮች ይሄዱበታል። ወደ እርሱ በኋላ እመለሳለሁ፤ ታሪኩ አሳዛኝ ነው።

እንግዲህ አስተውሉ። በየጎኑ አንድ ቢጫ መስመር ያለው ወንዝ ዳር፣ መስመር የሌለው ቀዝቃዛ ደን ውስጥ፣ ጥቁር መስመር በጀርባው መሐል ያለው በደጋው ረግረግ፣ አራት ወርቃማ መስመር ያለው በብሉ ማውንቴንስ ረግረግ። መልክና ስፍራ እርስ በርስ ይመሰክራሉ። በዚህ ሥራ የሠለጠነ ሰው እንስሳውን ከማየቱ በፊት ወንዙን፣ የተራራውን ከፍታና የዛፉን ዓይነት ተመልክቶ የትኛውን እንደሚጠብቅ ያውቃል።

የምሥራቁን የውኃ ስኪንክ ለሳይንስ ያስተዋወቁት ፈረንሳውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1839 ዱሜሪልና ቢብሮን የተባሉ ሁለት የተሳቢ እንስሳት ሊቃውንት መግለጫውን ጽፈው በባሕር ኃይሉ ሐኪምና የተፈጥሮ ተመራማሪ በዣን ሬኔ ኮንስታን ኳ ስም ሰየሙት። ኳ «ዩራኒ» እና «አስትሮላብ» በተባሉት መርከቦች ዓለምን የዞረ ሰው ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ተመልሰናል፣ አድማጮች። አሁን ደግሞ ይህ እንሽላሊት ውኃ ዳር የሙጥኝ ያለበትን ምክንያት እንይ።

እንሽላሊት የሰውነቱን ሙቀት የሚያገኘው ከፀሐይ ነው። ሌሊት የቀዘቀዘው ገላ ጠዋት ካልሞቀ መሮጥም፣ ማደንም፣ የበላውን መፍጨትም አይሆንለትም። ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ደግሞ ፀሐይ መሬት አትደርስም። ጅረት ደኑን ሰንጥቆ ሲያልፍ ግን ሰማዩን ይከፍተዋል፤ ፀሐይ ድንጋዩ ላይና በወደቀው ግንድ ላይ ታርፋለች። ለውኃ ስኪንክ ይህ ስፍራ ሁሉንም አሟልቶ ይሰጠዋል። የሚሞቅበት ድንጋይ እዚያው አለ፣ የሚደበቅበት ሥርና ስንጥቅ እዚያው አለ፣ ምግቡም እዚያው ነው። ጢንዚዛና ሌሎች ነፍሳትን፣ ቀንድ አውጣን፣ የእንቁራሪት እጭን፣ ትናንሽ ዓሣን ይበላል፤ አነስተኛ እንሽላሊት ካገኘም አይምርም። ኩካባራ የተባለው ወፍ ከቅርንጫፍ ሲወረወርበት ወይም እባብ ሲመጣበት ዘሎ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ዋኝቶም ዳርቻው ሥር ይሸሸጋል። ስለዚህ የወደቀው ግንድ ከተነሣ፣ ድንጋዩ ለግንባታ ከተጫነ፣ ዛፎቹ ቢቆሙም እንኳ ለእርሱ ደኑ ባዶ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ አወላለዱ ነው። እንሽላሊት ሲባል እንቁላል የሚጥል እንስሳ ነው ብለን እናስባለን፤ አብዛኞቹም እንዲያ ናቸው። የውኃ ስኪንኮች ግን ይወልዳሉ። ሽሎቹ በእናታቸው ማህፀን ውስጥ ያድጋሉ። ምግባቸው በአብዛኛው ከእንቁላሉ አስኳል ነው፤ ውኃና አየር ግን በስስ የእንግዴ ልጅ በኩል ከእናታቸው ይደርሳቸዋል። የምሥራቁ የውኃ ስኪንክ በአውስትራሊያ በጋ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ከሁለት እስከ ዘጠኝ ግልገሎች ይወልዳል። ግልገሎቹ እንደተወለዱ ራሳቸውን ችለው ይሮጣሉ።

መውለድ ምን ይጠቅመዋል? ቀዝቃዛ ሀገር ላይ መሬት ውስጥ የተቀበረ እንቁላል ሙቀት ያንሰዋል። እናት ሽሎቿን በሆዷ ይዛ ከፀሐይ ወደ ፀሐይ ብትንቀሳቀስ ግን ሙቀቱን ራሷ ትመርጥላቸዋለች። ድንጋይ ላይ ተዘርግታ የምትሞቀው እርጉዝ ስኪንክ ለራሷ ብቻ አይደለም የምትሞቀው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ የምርምር ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 ሮበርትና ቶምፕሰን የተባሉ ተመራማሪዎች «ኔቸር» በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት ላይ ስለ ደቡቡ የውኃ ስኪንክ አንድ አስገራሚ ውጤት አወጡ። እርጉዟ እናት በከፍተኛ ሙቀት ስትቆይ የሚወለዱት ወንዶች ይሆናሉ የሚል ነበር። በአዞና በብዙ ዔሊዎች የግልገሉን ፆታ የሚወስነው እንቁላሉ የቆየበት ሙቀት እንደሆነ ከዚያ በፊትም ይታወቃል፤ በሚወልድ ተሳቢ እንስሳ ግን ይህ ሲታይ አዲስ ነገር ነበር። እናቲቱ ፀሐይ በመሞቅ ብቻ የልጆቿን ፆታ ትመርጣለች ማለት ነው ተባለ።

ጉዳዩ ግን በዚያ አላበቃም። እነዚህ ስኪንኮች የሚኖሩት ቀዝቃዛ ሀገር ላይ ነው፤ በሙቀት ፆታቸው የሚወሰን እንስሳት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሞቃት ስፍራ ነዋሪዎች ናቸው። ይህ አለመጣጣም ያሳሰባቸው ሌሎች ተመራማሪዎች የደቡቡ የቅርብ ዘመድ የሆነውን የሆደ ቢጫውን የውኃ ስኪንክ የዘር ቅንጣቶች አንድ በአንድ መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ ባደረጉት ውጤት እንደ ሰው ሁሉ ኤክስና ዋይ የሚባሉ የፆታ ክሮሞዞሞች እንዳሉት አሳዩ። የዋይ ክሮሞዞሙ ክፍል ዕድሜም ከ79 እስከ 116 ሚሊዮን ዓመት እንደሚሆን ገመቱ። ቀደም ብሎ ሳይታይ የቀረው ነገር ሲገለጥ ለ19 ዓመታት የቆየው ማብራሪያ ተለወጠ። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሳይንስን ክብር አያለሁ። ያማረ መልስ ከተገኘ በኋላ እንኳ «ይህ ከሀገሩ ጠባይ ጋር ይስማማል ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሰው አለ፤ ጥያቄውም የመጣው እንስሳው የሚኖርበትን ስፍራ ከማወቅ ነው።

ስለ ብልኀቱም አንድ ቃል ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ ጥናት በሲድኒ ማኳሪ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የምሥራቁን የውኃ ስኪንክ ክዳን ከፍቶ ምግብ እንዲያገኝ ፈትነውት እንደነበር ይናገራል። ወጣቶቹ ሌላ ስኪንክ ሲሠራ አይተው ምግቡ ያለው በየትኛው ክዳን ሥር እንደሆነ ቶሎ ተማሩ፤ በዕድሜ የገፉት ግን ከሌላው በማየት አልተጠቀሙም። ብቸኛ መስሎ የሚታየው እንስሳ ጎረቤቱን ያስተውላል ማለት ነው።

ወደ ብሉ ማውንቴንሱ ዘመዱ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ያ ባለ አራት ወርቃማ መስመር ስኪንክ በዓለም ላይ የሚገኘው በብሉ ማውንቴንስና ከዚያው ተራራ በሚቀጥለው በኒውንስ አምባ ላይ በተበታተኑ ረግረጎች ብቻ ነው። እነዚህ ረግረጎች በባሕር ዛፍ ደን መካከል በየሸለቆው ራስ የተቀመጡ ናቸው። ዝናብ ሲዘንብ ውኃውን እንደያዙ ይቆያሉ፤ ዝናብ ሲጠፋ ከሥራቸው በሚመነጨው ውኃ ይረሰርሳሉ። ከአንዱ ረግረግ ወደ ሌላው ያለው መንገድ ደረቅ ደን ስለሆነ ስኪንኩ እንደልቡ አይሻገረውም። ረግረጉ ከደረቀ ከእርሱ ጋር ይጠፋል።

ረግረጉን የሚያደርቀው ምንድን ነው? በአምባው ሥር የድንጋይ ከሰል ይወጣል። ከሰሉ በሰፊው ሲወጣ ከላይ ያለው ድንጋይ ይረግባል፣ ይሰነጠቃል፤ ረግረጉን ይዞት የነበረው ውኃም በስንጥቁ ወደ ታች ይሰርጋል። ከከተሞቹ የሚወርደው ጎርፍም አፈሩን ይሸረሽራል። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 እና 2020 የበጋ ወራት የተነሣው እሳት የብሉ ማውንቴንስን የዓለም ቅርስ ክልል 80 በመቶ ገደማ አቃጠለ። ውኃ ያለው ረግረግ ከእሳት በኋላ ያገግማል፤ ውኃው ቀድሞ የሸሸበት ረግረግ ግን አፈሩ ራሱ ይነዳል። ስኪንኩ በሕግ ለመጥፋት የተጋለጠ ዝርያ ተብሎ ተመዝግቧል።

በዚህ ሁኔታ የመለየት ዕውቀት የሕይወትና የሞት ጉዳይ ይሆናል። ይህን ስኪንክ ያየ ሰው «የውኃ ስኪንክ ነው፣ በየወንዙ ሞልቷል» ብሎ ቢያልፈው ረግረጉ ጠባቂ የለውም። አራቱን መስመሮች ቆጥሮ «ይህ ያኛው ነው» ያለ ሰው ግን ለዚያ ረግረግ በሕግ ፊት ምስክር ሊሆን ይችላል። የወንዙ ስኪንክና የረግረጉ ስኪንክ የሚለያዩት በጥቂት መስመሮች ቢሆንም፣ አንዱ በሺህ ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር የወንዝ ዳር ሲኖረው ሌላው ያለው በጣት የሚጠቆም ቁራሽ መሬት ነው።

አድማጮች፣ በሀገራችንም ስኪንኮች አሉ። በቤት ግድግዳና በአጥር ላይ ፀሐይ የሚሞቁ፣ ጀርባቸው ባለ መስመር የሆኑትን አይታችሁ ይሆናል። በስምጥ ሸለቆ ድንጋያማ ስፍራዎች ግልገሎቹ ሰማያዊ ጅራት ያላቸው፣ አምስት መስመር የተሰመረባቸው ስኪንኮች ይኖራሉ። ሰው አይጎዱም፤ መርዝም የላቸውም። ነገር ግን እንሽላሊት ባየን ቁጥር ድንጋይ ማንሣት በብዙዎቻችን ዘንድ ልማድ ሆኗል።

በሲድኒና በሜልበርን አካባቢ ሆናችሁ ለምታዳምጡን ወገኖች፦ ወደ ጅረት ዳር ስትወጡ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ፣ ፀሐይ የሚያርፍበትን ድንጋይ ተመልከቱ፣ ከዓይን በላይ የሚጀምረውን ቢጫ መስመር ፈልጉ። መስመሩን ካጣችሁት፣ በተለይም በሜልበርን አካባቢ፣ ሌላ ዝርያ ሊሆን ይችላልና ያያችሁበትን ስፍራ መዝግቡ። የተገለበጠ ድንጋይ ካለ መልሳችሁ አስተካክሉት፤ ድመት ካላችሁም ወደ ወንዝ ዳር እንዳትወጣ ጠብቁ። በሀገር ቤት ላላችሁ ደግሞ ልመናዬ ይህ ነው፤ ልጆቻችሁ እንሽላሊት ሲያዩ ከመወርወራቸው በፊት ጀርባውንና ጎኑን እንዲያዩ፣ መስመሩን እንዲቆጥሩ፣ በምን ዛፍ ሥርና በምን ውኃ ዳር እንዳገኙት እንዲነግሯችሁ አስተምሯቸው። ያወቁትን ለመግደል እጃቸው አይፈጥንም።